ገና ከብቶቹ ላይ ነን

በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ውሸታም አውቃለሁ። የበግ ደላላ አውቃለሁ፤ «ነገ ና» የሚል ልብስ ሰፊ አውቃለሁ፤ «ሞልቷል፣ አሁን እንነሳለን» እያለ ሐሙሲት ላይ አንድ ሰዓት ያስቀመጠኝ የሚኒባስ ረዳት አውቃለሁ። እኔም ብሆን በዚህ ሙያ ጨርሶ የማልታማ ሰው አይደለሁም። ዓይኗን በጨው አጥባ የዋሸችኝ ግን አንዲት አረንጓዴ ምልክት ናት።

ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ፣ ኮምፒውተር ላይ ብቅ የምትል ምልክት። «መረጃው በሚገባ ተመዝግቧል፤ እናመሰግናለን» ትላለች። ምንም አልተመዘገበም። አንድ ወር ሙሉ አመሰገነችኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አመንኳት። ይሄን ስጽፍ እንኳ ወገቤን እየደገፍኩ ነው፤ እንደዚያ ወር ደክሞኝ አያውቅም፤ ከወንበሬ ሳልነሳ ነው ደግሞ የደከመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችን ደብረ ታቦር የዓይን ሐኪሞች እንደሚመጡና ሞራ የወረደበትን ሰው ሁሉ በነጻ እንደሚገፍፉለት ተነገረ። የምዝገባው ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ለምን እኔ ላይ እንደወደቀ ብትጠይቁኝ፣ ስብሰባው ላይ አርፍጄ ስለገባሁ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ሥራ የሚሰጠው ለቻለ ሳይሆን ላረፈደ ነው። ገብቼ ስቀመጥ ሁሉም እያጨበጨቡ ነበር፤ ለሌላ ሰው መስሎኝ እኔም አጨበጨብኩ።

ድሮ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አስካለ ያንን ግልገል የሚያክል መዝገቧን ትገልጣለች፤ ስም ትጽፋለች፤ አለቀ። አሁን ግን «ከወረቀት አንቀበልም» ተባለ። ሐኪሞቹ የሚያዩት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ብቻ ነው። ታማሚው ራሱ መጥቶ ይቀመጣል፤ እኔ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውንና የታመመውን ዓይን እሞላለሁ፤ እዚያው ገጽ ላይ በኮምፒውተሩ ካሜራ ፎቶውን አነሳለሁ፤ «አስገባ» የምትለዋን እጫናለሁ። የመጨረሻው ቀን በወሩ መጨረሻ ያለው አርብ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሐኪሞቹ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም።

ፎርሙን የሠራችልን ፈትያ ናት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር የምታስተምር የድሬዳዋ ልጅ። እዚህ ከመጣች አምስት ዓመት አልፏታል፤ ብርዳችንን ግን እስከ ዛሬ በግል እንደተሰነዘረ ስድብ ነው የምትቆጥረው። ሁለት ሹራብ ትደርብና በላዩ ጋቢ ትከናነባለች። ሰውን ሁሉ «አንተ» ትላለች። ሐላፊያችንን «አንተ» ትላለች፤ ሐላፊያችን ደግሞ ሚስቱ እንኳ «እርስዎ» የምትለው ሰው ነው።

«አቦ ቀላል ነው» አለችኝ ስታሠለጥነኝ። «ሰው ከበር ሲገባ ገጹን ክፈት። ዝግጁ ሆነህ ጠብቀው።»

እኔ የታዘዝኩትን የማደርግ ሰው ነኝ፤ በተለይ ቀላል ከሆነ። የሰው ጥላ ደጃፉ ላይ ሲያርፍ ገጹን እከፍታለሁ። በዚህ ረገድ ሞፈርና ቀንበሩን ከበሬው ቀድሞ ማሳ ላይ የሚያደርስ ትጉህ ገበሬ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ባለጉዳዬ አያ ጥሩነህ ናቸው። የመጡት ከጉና ሥር ነው፤ ደመና እንደ ጎረቤት ሳያንኳኳ ቤት ከሚገባበት አገር። ጎህ ሳይቀድ በበቅሎ ተነስተው፣ አንድ ከረጢት ድንች ጭነው መጡ። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዷል፤ ሰውን በድምፁ፣ በቅሏቸውን በኮቴዋ ነው የሚለዩት።

«ድንቹ ለልጆችህ ነው» አሉኝ። መቀበል ደንቡ አይፈቅድም፤ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ደንብና ነውር ሲመዘኑ ነውሩ ይከብዳል። ተቀበልኩ።

ከመሄዳቸው በፊት ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ የሰው ፊት ካየሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ሚስቴ ‹አንዲት ጠጉር እንኳ አልሸበትኩም› ትለኛለች። ከመሞቴ በፊት ይሄን ነገር ማጣራት እፈልጋለሁ።»

«ያጣራሉ፣ አያ ጥሩነህ» አልኳቸው። ምልክቷም አረንጓዴ ሆና አበራች። እናመሰግናለን።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት ሄደ። ሽማግሌው ይመጣል፣ አሮጊቷ ትመጣለች፣ ምልክቷ ታበራለች። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ከሐኪሞቹ አስተባባሪ ስልክ ተደወለ።

«ጌታዬ፣ አገራችሁ ሽማግሌ የለውም እንዴ?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«የላካችሁት ሁሉ ወጣት ነው። አንዱ ተማሪ፣ አንዷ ፀጉር ሠሪ፣ አንዱ ደግሞ ‹የታመመ ዓይን› በሚለው ሥር ‹ምንም አላመመኝም፣ ለመሞከር ነው› ይላል።»

የመጨረሻው እኔ ነበርኩ፤ በሥልጠናው ቀን ራሴን መዝግቤ ረስቼዋለሁ። ዝርዝሩን ገልጬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። በችኮላ ገብቶ በችኮላ የወጣ የከተማ ሰው ሁሉ አለ። ከዘራ ይዞ የመጣ አንድ እንኳ የለም። የድንቹን ጌታ ፈለግኳቸው፤ የሉም። ድንቹ ግን ቤቴ አለ፤ እንዲያውም ትናንት ማታ በልቼዋለሁ። እኔ እንጃ፣ ስሙን ያላስመዘገብኩትን ሰው ድንች ውጬ እንዴት እንደተኛሁ።

ፈትያን ጠራኋት። መጣች፤ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፤ የራሷን ስም ሞላች፤ ፎቶዋን አነሳች፤ አስገባች። ዝርዝሩን ገለጠች። ስሟ አለ።

«ይሠራል» አለች።

በዓለም ላይ ካሉ ቃላት ሁሉ የሚያደክመኝ ይሄ ነው። መኪናህ አልነሳ ብሎ መካኒኩ ጋ ስትደርስ የሚነሳው ነገር ነው። «አንተ ሞክር» አለችኝ። የራሴን ስም ሞላሁ፤ ገባ። አሁን ሁለት ጊዜ ታማሚ ሆንኩ። እሷ ወደ ክፍሏ ሄደች። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ መዘገብኳቸው፤ አረንጓዴ፤ ዝርዝሩን ገለጥኩ፤ የሉም። ደወልኩላት።

«አጥፍተህ አብራው» አለችኝ። አጠፋሁ፤ አበራሁ። «ሌላ ብራውዘር ሞክር» አለች፤ ሞከርኩ። «ኔትወርክ ይሆናል» አለች፤ ኮምፒውተሩን ታቅፌ፣ ባለጉዳዩን አስከትዬ፣ የተሻለ ይይዛል ወደሚባለው የግቢው ጥግ ሄድኩ፤ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመን ተመዘገብን፤ አረንጓዴ፤ የሉም። ወይዘሮ አስካለ መዝገቧን ደረቷ ላይ አድርጋ በመስኮት ታየኝ ነበር።  መዝገቡን ማቀፏ ነው የገደለኝ።

ከሁሉ የከፋው ፎርሙ ከእኔ ጋር ብቻ ሲሆን ሰላም መሆኑ ነው። ብቻዬን ስሞላ ይገባል። ሰው ሲቀመጥ ይጠፋል። እንደ ባልና ሚስት፣ የሚያሳፍረኝ እንግዳ ፊት ነው።

ለአያ ጥሩነህ በገበያተኛ መልእክት ላክሁላቸው፤ ረቡዕ ዕለት ሌላ ከረጢት ድንች ይዘው መጡ። በየመሃሉ ስለ ገብሱና ስለ በቅሎዋ እየተጠያየቅን ሁለት ጊዜ ሞከርን፤ ሁለት ጊዜ ተመሰገንን፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ሦስተኛውን ልንጀምር ስንል መብራት ሄደ፤ ኔትወርኩም አብሮት ሄደ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠበል ቢወሰድስ?» አሉ በእርጋታ።

«ውሃ አይወድም፣ አያ ጥሩነህ።»

«ዛር ያለበትም አይወድም» አሉ።

አርብ እንዲመለሱ ለመንኳቸው። የመጨረሻው ቀን መሆኑን ነገርኳቸው። ድንቹን ቢተዉት ብዬም ለመንኳቸው። ዓይናቸውን ወደ ድምፄ አቅንተው «አላስመዘገብከኝም እንጂ ልጆችህ ምን አደረጉኝ?» አሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ድንች ሆኜ እበቅል ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ፈትያ ትምህርት አልነበራትም። «ዛሬ አንተ ስትሠራ ቁጭ ብዬ አይሃለሁ» ብላ መደርደሪያው አጠገብ ወንበር ይዛ ጋቢዋን ተከናነበች። ከጋፋት በኩል የመጡ አንዲት እናት ደጃፉ ላይ ብቅ አሉ። ገጹን ከፈትኩ።

«እንዴት ሰነበቱ፣ እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት ሰነበትክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ። ቤቱ ደኅና? ልጆቹ ደኅና? እናታቸውስ?»

«ይመስገን። የእርስዎስ? ወንዱ ልጅ ተመለሰ? ያቺ ያረገዘችውስ?»

ወለደች። ወንድ ነው። ክርስትናው አለፈ። ዝናቡ እንዴት ነው? ይመስገን። ጤፉስ? ይመስገን፣ አረሙ ግን። አረሙማ የት አለ የማይኖር። በሬው ተሽሎታል? ቀንዱን ነበር። አዎ ቀንዱን። ላሟስ?

ይሄን ጊዜ ከመደርደሪያው በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየመዘገብኩ።»

«ስሟን እንኳ አልጻፍክም እኮ።»

«ቤተሰቡን ጨርሰን ገና ከብቶቹ ላይ ነን» አልኳት።

«ከብቶቹም ዓይናቸውን ያማቸዋል?»

«ላሟ እንኳ ደኅና ናት፤ ጥጃዋ ናት» አሉ እናትየው፤ ስለ ከብቶቹ ሰው በመጠየቁ ደስ ብሏቸው።

ፈትያ ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን እያየች ጠበቀች። ጥጃዋን ጨረስን። ዕድሜያቸውን ጠየቅኳቸው፤ አንበጣው የመጣ ዓመት ጡት የጣሉ መሆናቸውን ነገሩኝ፤ ከአንበጣው ተነስተን እየደመርን ወደ ዛሬ መጣን፤ መንገድ ላይ አንድ ሰርግና ሁለት ለቅሶ አገኘን። ፎቶ አነሳሁ። አስገባሁ። አረንጓዴ።

«ሠላሳ አራት ደቂቃ» አለች ፈትያ። ፊቷን በጋቢዋ ሸፈነች። ስትገልጠው አምስት ዓመት ያረጀች መሰለኝ። «ገባኝ።»

ነገሩን እንደ ሕፃን አስረዳችኝ። ገጹ ሲከፈት አንዲት የይለፍ ቁጥር ይይዛል። የቁጥሯ ዕድሜ አሥር ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ትሞታለች። ፎርሙ የሞተች ቁጥር ይዞ ሲመጣ፣ መረጃው የሚከማችበት ቋት ሌባ ነው ብሎ ከበር ይመልሰዋል።

«አሥር ደቂቃ ለምን?»

«ፎርሙ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አምስት እጥፍ ስሰጣችሁ ለጋስ የሆንኩ መስሎኝ ነበር» አለች። «እኛ ጋ ‹እንዴት ነሽ አቦ› ተባብለን መንገዳችንን እንሄዳለን።»

«እሺ፣ ከበር ከመለሰው ለምን እናመሰግናለን ይላል?»

 ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ሳበች፤ የሆነ ነገር ከፈተች፤ አነበበች፤ እንደገና አነበበች።

«ምስጋናውን ከበሩ በፊት ነው የጻፍኩት» አለች በቀጭን ድምፅ።

እንግዲህ የእኛ ፎርም መጀመሪያ ያመሰግናል፣ ቀጥሎ ያባርራል። ብዙ መሥሪያ ቤት እንዲህ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ እነሱ ግን ሆን ብለው ነው።

ምስጋናውን እዚያው ከበሩ ወደ ውስጥ አስገባችው። የይለፍ ቁጥሯን ዕድሜ ደግሞ ልታራዝም አሰበች። «ሠላሳ ደቂቃ ይበቃችኋል?»

«ለሚተዋወቁ ነው ለማይተዋወቁ?»

 ሠላሳ አደረገችው፤ ከዚያ ሲያልፍም ገጹ ራሱ እንዲዘጋ አደረገች። «ደግሞም ገጹን ከሰላምታው በኋላ ክፈት» አለች። «ዝግጁ ሆነህ ጠብቀው ያልኩህን ተወው።»

ያን ከሰዓት፣ በሰላምታው መሃል የተቀባበልነውን ስልክ ቁጥር እያወጣሁ፣ ለጠፉት ሁሉ ደወልኩላቸው። ስልክም ሰላምታ አለው፤ ሁለት ጊዜ ካርድ አለቀብኝ፤ አንደኛውን ጊዜ ለምን እንደደወልኩ ከመናገሬ በፊት ነው። ቢሆንም መጡ። አርብ ከሰዓት ላይ ሁሉም ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል፤ ከአያ ጥሩነህ በቀር። እሳቸው ስልክ የላቸውም። የእሳቸውን ገጽ አስቀድሜ ሞልቼ ጠበቅኩ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ሁለቱም ዓይን፤ የቀረው ፎቶው ብቻ ነው። ሠላሳ ደቂቃው ሲያልፍ ቁጥሯ ትሞታለች፤ እንደገና እሞላለሁ። ትሞታለች፤ እሞላለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ሞላሁ፤ አሥር ሰዓት ላይ ሞላሁ። የሰውየውን ታሪክ ከገዛ ልጆቻቸው በላይ በቃሌ ያዝኩት።

ለአሥራ አንድ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ።

«መንገድ ላይ ሰው እያገኘሁ ሰላም ስል ዘገየሁ» አሉ ገና ከደጅ።

አጠገቤ ስትጠብቅ የዋለችው ፈትያ እጄን ያዘችኝ። «ሰላምታ የለም» አለች። «አንድ ቃል እንኳ። ፎቶ ብቻ።»

አያ ጥሩነህ ከነከረጢታቸው ገቡ። «እንዴት ሰነበትክ፣ ልጄ?» አሉ። እኔ፣ የእናቴ ልጅ፣ ተቀጥቼ ያደግኩ ሰው፣ አልመለስኩም። ክንዳቸውን ይዤ «ይቀመጡ» አልኳቸው።

 ከረጢቱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። በእኛ አገር ሰው ሰላም ሳይባል ተቀመጥ የሚባለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ለቅሶ ቤት። ይሄን አሁን ለእናንተ ስነግራችሁ ግልጽ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሐሳቤ ሰዓቱ ላይ ነበር።

«ማን ነው?» አሉ።

«ማን?»

«ንገረኝ። እኔ ወንድ ነኝ። ማን ነው የሞተው?»

«አባባ፣ ቀና በል» አለች ፈትያ ካሜራውን እያስተካከለች። የማያውቁት የሴት ድምፅ፣ ያውም እየተንቀጠቀጠ። የተንቀጠቀጠው በብርድ ነበር፤ እሳቸው ግን እንዴት ያውቃሉ?

«ቆላ የወረደው ልጄ ነው» አሉና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ማልቀስ ጀመሩ። «ወይኔ፣ ለኔ ይሁን፣ ለኔ ለዕውሩ ይሁን።»

ወይዘሮ አስካለ ለቅሶውን ከመዝገብ ቤት ሰምታ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ሮጣ ገባች። ማን እንደሞተ አልጠየቀችም፤ ጨዋ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ኋላ ይጠይቃል። ሦስት ደቂቃ ቀረ። «ማንም አልሞተም» እያልኩ እጮኻለሁ፤ መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው እሱን ስለሆነ ለቅሶው ባሰ። ከዚያ እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ከወሩ ድካም የተነሳ ዕንባዬ ወረደ። ማንም ሳይሞት ቢሮው ድንኳን ብቻ ቀረው።

«ጋቢውን ግለጥለት» አለች ፈትያ። ገለጥኩ። ቀና አሉ። ፎቶው ተነሳ። «አስገባ»ን ተጫነች። አንዲት ክብ ነገር ዞረች፤ ዞረች፤ ዞረች። አረንጓዴ።

ማናችንም አላመንናትም። ፈትያ ዝርዝሩን ገለጠች። ከሁሉም በታች፣ የመጨረሻው መስመር ላይ፣ አያ ጥሩነህ ከነዕንባቸው አሉ።

ለማስረዳት ከፎቶው ይልቅ ብዙ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ገባቸው። ፊታቸውን ጠረጉ፤ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ለአንድ ፎቶ ብለህ ልጄን ገደልከው» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አሁን ሰላም በለኝ።»

አልኳቸው። የቀረብኝን ሁሉ ከነውዝፉ አልኳቸው። ከልጃቸው ጀምረን፣ በገብሱና በውርጩ አድርገን፣ በቅሎዋ ላይ ስንደርስ ዘበኛው መብራት ለማጥፋት መጣ። ሦስተኛውን ከረጢት ድንችም ይዤ ገባሁ። ሚስቴ አየችውና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ሐኪሞቹ መጡ። ዝርዝሩን ሲያዩ አንድ ሽማግሌ ዓይኑ ዕንባ እንደ ምንጭ ሲያፈስ ፎቶው ላይ አገኙ። «ይሄ ሰው ብሶበታል፤ እሱ ይቅደም» አሉ። በመጨረሻው ደቂቃ በመጨረሻው መስመር የገቡት አያ ጥሩነህ፣ በሕክምናው ቀን ከሁሉ ፊት ገቡ። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ስለተመዘገብኩ ሁለት ጊዜ ተጠራሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አያ ጥሩነህ ለክትትል መጡ። ከደጃፉ ቆመው ትክ ብለው አዩኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ድምፅህ ወፍራም ነበር» አሉና ተቀመጡ።

ሰላምታውን ጀመርን። ሳያዩ ሲጠይቁ ረጅም ነበር፤ አሁን እያዩ ሲጠይቁ ደግሞ ለሸበተው ጠጉሬ፣ ከሸሚዜ ለጎደለችው ቁልፍ፣ ግድግዳው ላይ ላለው ስንጥቅ ሁሉ ለየብቻው ይጠይቃሉ።

«ለመሆኑ ባለቤትዎስ?» አልኳቸው። «አጣሩ?»

ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዋሽታኛለች» አሉ። «ጥጥ ሆናለች። ‹ገና ብዙ አልጠራልኝም› አልኳት።»

ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ልማድ ክፉ ነው፤ ገጻቸውን ገና ከበር ሲገቡ ከፍቼው ነበር። ፎቶውን ሲያዩ ደንገጥ አሉ።

«ይሄ ምስኪን ሽማግሌ ማነው? ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?»

«ሰላም የሚለው አጥቶ ነው፣ አያ ጥሩነህ።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። አወቁት ይሁን አላወቁት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ።

«እንዴት ሰነበትክ፣ ወንድሜ?» አሉት። «ቤቱ ደኅና? ልጆቹ ደኅና? ቆላ የወረደውስ?»

ከብቶቹ ላይ ሳይደርሱ ገጹ ተዘጋ።